ሰው ሲከብድ፦ «ፔሳዶ» የተባለው የስፓኒሽ ቅጽል አፍ መፍቻው አማርኛ በሆነ ተማሪ ዘንድ

አጠቃሎ

ይህ ጽሑፍ «ፔሳዶ» የተባለውን የስፓኒሽ ቅጽል ከአማርኛው «ከባድ» ጋር በማነጻጸር ይመረምራል። ሁለቱ ቃላት ስለ ዕቃ፣ ስለ ምግብና ስለ እንቅልፍ ሲነገሩ በአብዛኛው ይገጥማሉ፤ ስለ ሰው ሲነገሩ ግን ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ ይሄዳሉ። የአማርኛው ክብደት ሰውን ያስከብራል ወይም ያስፈራል፤ የስፓኒሹ ክብደት ያሰለቻል። ጽሑፉ ችግሩ የሚፈጠረው ቃላቱ ስለሚለያዩ ሳይሆን እስከ ተወሰነ ወሰን ድረስ ስለሚመሳሰሉ ነው ብሎ ይሟገታል፤ ቃሉም ለተማሪ መቅረብ ያለበት በአቻ ትርጉም ዝርዝር ሳይሆን ከሚያጅቡት ስሞችና ግሦች ጋር መሆኑን ያመለክታል።

መነሻ

ስፓኒሽ መማር የጀመረ የአማርኛ ተናጋሪ «ፔሳዶ» የሚለውን ቃል የሚያገኘው ገና በጠዋቱ ነው። «ላ ማሌታ ኤስ ፔሳዳ»፣ ሻንጣው ከባድ ነው። ቃሉ ለመያዝ አያስቸግርም፤ አቻውም በእጅ ያለ ይመስላል። ተማሪው በደብተሩ ላይ «ፔሳዶ፦ ከባድ» ብሎ ይጽፋል፤ በእንግሊዝኛ በኩል ዞሮ የሚያየው መዝገበ ቃላትም ያንኑ ያረጋግጥለታል። ከጥቂት ወራት በኋላ ይኸው ተማሪ ስለ አያቱ እንዲናገር ተጠየቀ እንበል። አያትየው በአገራቸው የተከበሩ፣ ቃላቸው የማይታጠፍ፣ ለሽምግልና ሲቀመጡ ሰው ሁሉ ዝም የሚልላቸው አዛውንት ነበሩ። ተማሪው በልቡ «አያቴ ከባድ ሰው ነበሩ» ይልና በአፉ «ሚ አቡኤሎ ኤራ ኡን ኦምብሬ ፔሳዶ» ይላል። ዓረፍተ ነገሩ በሰዋስው ረገድ አንድም እንከን የለበትም፤ ጾታው፣ ቍጥሩ፣ የግሡ ጊዜ ሁሉ ተስተካክሏል። አድማጩ የሰማው ግን «አያቴ ነዝናዛ ሰው ነበሩ» የሚል ነው።

ይህን ስሕተት ከሌሎች የሚለየው አራሚ የማያገኝ መሆኑ ነው። «ማሌታ ፔሳዶ» ብሎ ጾታ ያሳሳተ ተማሪ ወዲያው ይታረማል፤ ስሕተቱ በጆሮ ይሰማልና። አያቱን አሰልቺ ያደረገ ተማሪ ግን የልቡን የተናገረ ተደርጎ ይወሰዳል፤ ብዙ አያቶች ነዝናዛ ናቸውና አድማጩ ፈገግ ብሎ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ያልፋል። ተማሪውም ያሰበው የደረሰ መስሎት ይቀጥላል። ሁለቱም አልተግባቡም፤ ሁለቱም አላወቁም።

ጉዳዩ ከመማሪያ ክፍል የሚወጣ ፋይዳ አለው። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆችና ወጣቶች በኩባ፣ በተለይም በ1978 «ኢስላ ዴ ላ ሁቤንቱድ» (የወጣቶች ደሴት) ተብላ በተሰየመችው ደሴት፣ ተምረዋል። ዛሬም በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሎስ አንጀለስና በዳላስ የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች ከኤል ሳልቫዶር ወይም ከሜክሲኮ ከመጡ የሥራ ባልደረቦች ጋር መዋላቸው የተለመደ ነው። በእነዚህ ስፍራዎች ስፓኒሽ የፈተና ጉዳይ ሳይሆን የጕርብትና ጉዳይ ነው፤ ስለ ሰው የሚነገር ቅጽል ደግሞ ጕርብትናን ቶሎ ከሚነኩት ነገሮች አንዱ ነው።

ሮበርት ላዶ እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተመው የንጽጽር ሥራ፣ ከአፍ መፍቻ ቋንቋ ጋር የሚመሳሰለው ለተማሪ ቀላል፣ የሚለየው አስቸጋሪ እንደሚሆን አስቦ ነበር። ኤሪክ ኬለርማን በ1970ዎቹ መጨረሻ በደች ተናጋሪ ተማሪዎች ላይ ያደረገው ጥናት ነገሩን ከሌላ ወገን ያሳያል። ኬለርማን «ብሬከን» (መስበር) የተባለው የደች ግሥ ካሉት ልዩ ልዩ አገባቦች የትኞቹ ወደ እንግሊዝኛ ሊወሰዱ እንደሚችሉ ተማሪዎቹን ጠየቀ። ተማሪዎቹ እግር መስበርን የመሰለውን፣ ለቃሉ እምብርት የቀረበውን ፍች በድፍረት አሻገሩት፤ ከእምብርቱ የራቀውን ግን በእንግሊዝኛ በትክክል የሚሠራ ሆኖ ሳለ እንኳ ተጠራጠሩት። እንግዲህ ተማሪ ከራሱ ቋንቋ የሚያሻግረው ሁሉን ሳይሆን «ይህስ የማንም ቋንቋ ነው» ብሎ የሚያምነውን ነው ማለት ነው። ለአማርኛ ተናጋሪ «ከባድ ሰው» የሚለው አነጋገር ለእምብርቱ የቀረበ ነው ወይስ የራቀ? ከዚህ በታች እንደሚታየው እጅግ የቀረበ ነው፤ አደጋውም የሚመነጨው ከዚያ ነው።

የቃሉ ሥርና ቤተሰብ

«ፔሳዶ» ከ«ፔሳር» ግሥ የወጣ ነው። ግሡ በላቲን «ፔንሳሬ» ከሚባለው፣ እርሱም መስቀልንና መመዘንን ከሚያመለክተው «ፔንዴሬ» የመጣ ሲሆን፣ ከዚያው ምንጭ ስፓኒሽ «ፔንሳር» (ማሰብ) የሚለውንም አግኝቷል። መመዘንና ማሰብ አንድ ምንጭ መጋራታቸው የአማርኛ ተናጋሪን አያስደንቅም፤ እርሱም ነገርን ያመዛዝናል።

«ፔሳር» መመዘንም መክበድም ነው። ስለዚህ «ፔሳዶ» ሁለት መልክ አለው፤ አንዱ ቅጽሉ «ከባድ»፣ ሌላው ከግሡ ያልተላቀቀው «የተመዘነ»። በገበያ «ላ ፍሩታ ያ ኤስታ ፔሳዳ» የሚል ሻጭ ፍራፍሬው ከባድ ነው እያለ አይደለም፤ ተመዝኗል እያለ ነው። ይህ ከአውዱ ስለሚለይ ብዙ አያስቸግርም።

የቃሉ ዘመዶች ግን ትኵረት ይገባቸዋል፤ የስሜቱን አቅጣጫ አስቀድመው ይጠቍማሉና። «ፔሳዱምብሬ» ሐዘን ነው። «ፔሳሜ»፣ ቃል በቃል «ይከብደኛል»፣ ለሐዘንተኛ የሚቀርብ የማጽናኛ ቃል ነው፤ በአማርኛ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ሲባል ተሸካሚው ሐዘንተኛው ሆኖ ይታሰባል፣ በስፓኒሽ ግን ሊያጽናና የሄደው ሰው ሸክሙ በራሱም ላይ መሆኑን ይናገራል። «አ ፔሳር ዴ» «ምንም እንኳ» ማለት ነው። «ፔሳዲያ» ደግሞ ቃል በቃል «ትንሿ ከባድ» ስትሆን፣ ትርጕሟ ቅዠት ነው። የአማርኛው ዱካክም ሰው ላይ ይጫናል፤ በእንቅልፍ ደረት ላይ የሚወጣውን ነገር ሁለቱም ቋንቋዎች በአንድ ዓይን አይተውታል።

ከነዚህ ሁሉ የሚታየው በ«ፔሳር» ቤተሰብ ውስጥ ክብደት በአብዛኛው የሚለካው በተሸካሚው ትከሻ መሆኑ ነው። ይህ ነጥብ ወደ ኋላ ይመለሳል።

የሚገጥሙበትና የሚላላጡበት

«ኮሚዳ ፔሳዳ» ማታ ተበልቶ ሆድ ላይ የሚቀመጥ ምግብ ነው፤ አማርኛም «ራቱ ከበደኝ» ይላል። «ሱኤኞ ፔሳዶ» ከባድ እንቅልፍ፣ «ትራባሆ ፔሳዶ» ጕልበት የሚጨርስ ከባድ ሥራ ነው። በዘመናዊው ቃላት በኩል ግጥምጥሙ እንዲያውም ይበዛል፤ ከባድ ኢንዱስትሪ፣ ከባድ መሣሪያ፣ በቦክስ ደግሞ ከባድ ሚዛን፣ «ፔሶ ፔሳዶ»። እነዚህ በየቋንቋው ቃል በቃል እየተተረጐሙ የተስፋፉ ስያሜዎች ስለሆኑ የሁለቱን ቅጽሎች ተፈጥሯዊ ዝምድና አያሳዩም። ለተማሪው ግን «ቃሉ ሁልጊዜ ይሠራል» የሚል የሐሰት መተማመን ይሰጡታል።

መላላጡ የሚጀምረው ክብደቱ ከዕቃና ከሆድ ሲወጣ ነው። አማርኛ «ከባድ» የሚለውን ቃል በዝናብ፣ በሕመም፣ በወንጀል፣ በፈተና፣ በኀላፊነት ላይ ያለ ልዩነት ያስቀምጠዋል። ስፓኒሽ ይህን ግዛት ለሌሎች ቅጽሎች አከፋፍሏል። ዝናቡ «ፉኤርቴ» (ኀይለኛ) ነው፤ ሕመሙና ወንጀሉ «ግራቤ» ናቸው፤ ፈተናው «ዲፊሲል» ነው። በዝናብና በሕመም ላይ «ፔሳዶ» ያለ ተማሪ እንግዳ ነገር ተናግሯልና ይታረማል። በፈተና ላይ ያለ ግን አይታረምም። «ኤክሳሜን ፔሳዶ» የሚባል ነገር አለና፤ የሚያሳስብ ሳይሆን የሚንዛዛ፣ ገጹ የማያልቅ ፈተና ነው። በፊልምና በመጽሐፍ ደግሞ ልዩነቱ ወደ ግልብጥ ይደርሳል። አማርኛ ተናጋሪ «ከባድ ፊልም ነው» ሲል ቁም ነገር ያዘለ፣ አእምሮ የሚያሠራ ነው ማለቱ ነው፤ እንዲታይለትም ይፈልጋል። «ፔሊኩላ ፔሳዳ» የተባለ ፊልም ግን ተመልካቹ ሰዓቱን እያየ የሚጨርሰው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በቅንፍ መነሣት ይገባዋል። «ግራቤ» የመጣው ከባድ ከሚለው የላቲን ቃል ነው፤ ከዚያው ዘር የተገኘችው «ግራቢዳ» የምትለው ከፍ ያለ አነጋገር የነፍሰ ጡር ስም ናት። አማርኛም በጨዋ ደንብ «እግሯ ከባድ ነው» ይላል። ሁለቱ ቋንቋዎች እርግዝናን በክብደት ቢያስቡትም የተገናኙበት ቃል ግን «ፔሳዳ» አይደለም። በዕለት ንግግር «ፒኤርናስ ፔሳዳስ» የሚባለው የደከመ፣ ቆሞ ከመዋል ያበጠ እግር ነው። በአንድ ክሊኒክ የአማርኛውን የጨዋ ቃል በቀጥታ ወደ ስፓኒሽ ያሻገረ አስተርጓሚ ሐኪሙን የእግር ደም ሥር እንዲመረምር ሊያደርገው ይችላል።

ሰው ሲከብድ

አማርኛ ሰውን በክብደት ሲያመሰግን ጥልቅ ሥር አለው። «ከበደ» እና «ከበደች» የሰው ስሞች ናቸው፤ ወላጅ ለልጁ የሚመኘው እንዲከብድ ነው። ተቃራኒውም ያንኑ ይመሰክራል። የቀለለ ሰው የተናቀ ነው፤ «ቅሌት» የሚለው ስም ራሱ ከ«ቀለለ» የወጣ ነው። «ቀላል ሰው አይደለም» የሚለው አነጋገር የውዳሴ መክፈቻ ነው። («ክብር» እና «ክብደት» በድምፅ ቢቀራረቡም ሥራቸው ሁለት ነው፤ ከ-ብ-ር እና ከ-ብ-ድ። አንዳንድ ጊዜ እንደ አንድ ቃል ሲተነተኑ ይታያልና መለየቱ ይጠቅማል። ዕብራይስጥ ግን «ካቮድ»፣ ክብር፣ የሚለውን ቃል ያወጣው ከዚሁ ከ-ብ-ድ ከሚለው ሥር ነው፤ ክብደትን ለክብር ማዋል በሴማዊ ቋንቋዎች ዘንድ አማርኛ ብቻውን የያዘው መንገድ አይደለም።) እርግጥ «ከባድ ሰው» ሁልጊዜ ሙገሳ አይደለም፤ «ከባድ ሰው ነው፣ አይቻልም» ሲባል የማይበገር፣ ለአያያዝ የሚያስቸግር ሰው ማለት ነው። ይሁን እንጂ በዚህም ቢሆን ሰውዬው ይፈራል እንጂ አያሰለችም።

በስፓኒሽ «ኤስ ኡን ፔሳዶ» የተባለ ሰው አይፈራም። ሰዎች ሲያዩት መንገድ የሚቀይሩለት ሰው ነው። አንዱን ታሪክ ሦስት ጊዜ ይደግማል፤ «አይሆንም» ተብሎ እንደገና ይጠይቃል፤ ሰው ሊሄድ ሲነሣ እጁን ይዞ ሌላ ወሬ ይጀምራል። በስፔን የታወቀ አንድ ንጽጽር እንዲህ ያለውን ሰው በክንድ ከታቀፉት ላም ይበልጥ ይከብዳል ይለዋል። በአማርኛ ለዚህ አንድ ቃል የለም፤ «ነዝናዛ»፣ «ጨቅጫቃ»፣ «አሰልቺ»፣ «ችኮ» እያንዳንዳቸው አንዱን ገጽታ ይይዛሉ። «አሰልቺ» ብቻውን አይበቃም፤ አሰልቺ ሰው ዝም ብሎ ሊቀመጥ ይችላል፤ «ፔሳዶ» ግን ዝም አይልም። «ነዝናዛ»ም ብቻውን አይበቃም፤ ንዝነዛ አንድ ነገር መፈለግን ይጠይቃል፤ «ፔሳዶ» ምንም ሳይፈልግ ሊከብድ ይችላል።

ልዩነቱ ከየት መጣ? ጆርጅ ሌኮፍና ማርክ ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተሙት መጽሐፍ የዕለት ንግግር ዘይቤዎች ከሰውነት ልምድ የሚነሡ መሆናቸውን ተከራክረዋል። ክብደት የሰው ሁሉ ልምድ ነው፤ በአዲስ አበባም በማድሪድም ድንጋይ የሚያነሣ ክንድ የሚሰማው ያው ነው። ነገር ግን ከባድ ነገር ከሁለት ወገን ሊታይ ይችላል። ከራሱ ከነገሩ ወገን ሲታይ የማይናወጥ፣ ነፋስ የማይወስደው፣ በቦታው የሚጸና ነው። ከተሸካሚው ወገን ሲታይ ትከሻ የሚያጎብጥ፣ ሊያወርዱት የሚመኙት ነው። አማርኛ በ«ከባድ ሰው» ውስጥ የቆመው ከነገሩ ወገን ነው፤ ስፓኒሽ በ«ፔሳዶ» ውስጥ የቆመው ከተሸካሚው ወገን ነው።

ይህ ማለት ግን አማርኛ የተሸካሚውን ወገን አያውቅም፣ ስፓኒሽም የነገሩን ወገን አያውቅም ማለት አይደለም። አማርኛ ወደ ተሸካሚው ወገን የሚሻገረው በግሡ ነው። እንግዳ ሆኖ የሰነበተ ሰው «እንዳልከብድባችሁ» ብሎ ለመሄድ ይነሣል። በዚህ ቃል ውስጥ ያለችው «ባ» አስተናጋጆቹን ከሸክሙ በታች ታደርጋቸዋለች፤ ሰውዬው «ከባድ» መሆኑን ሳይሆን በእነርሱ ላይ መክበዱን ይናገራል። ስፓኒሽ በበኩሉ ወደ ክብር የሚሻገረው በስሙ ነው። «ፔሶ» ክብደት ነው፤ «ፔርሶና ዴ ፔሶ» ተደማጭነት ያለው፣ ቃሉ የሚሰማ ሰው ነው፤ «ራሶን ዴ ፔሶ» ችላ የማይባል ምክንያት ነው። ከቦክስ የተወሰደው «ፔሶ ፔሳዶ» እንኳ በፖለቲካ ወሬ ላይ ትልቅ ባለሥልጣንን ሲያመለክት ይሰማል፤ በዚህ ሐረግ ቅጽሉ ከመሰልቸት የሚድነው ስሙን ተጠግቶ ነው።

እንግዲህ ግንኙነቱ እንደ ሸማኔ ድርና ማግ ተላልፏል። በአማርኛ ቅጽሉ ያከብራል፣ ግሡ ከ«በ» ጋር ሲሆን ያስቸግራል፤ በስፓኒሽ ቅጽሉ ያሰለቻል፣ ስሙ ከ«ዴ» ጋር ሲሆን ያከብራል። ቃልን ከቃል ጋር ብቻ የሚያገናኝ የደብተር ዝርዝር ይህን ሊያሳይ አይችልም።

ግሡ የሚሰጠው ፍርድ

አማርኛ በአሁን ጊዜ «ነው» የሚለውን አንድ ግሥ ይዞ የሚሠራበትን ቦታ ስፓኒሽ ለ«ሴር» እና ለ«ኤስታር» እንደከፈለው ማንኛውም ተማሪ ያውቃል። በ«ፔሳዶ» ላይ ይህ ክፍፍል ማኅበራዊ ክብደት አለው። «ኤሬስ ፔሳዶ» ፍርድ ነው፤ ባሕርይህ ነው ማለት ነው። «ኤስታስ ፔሳዶ» ግን የዛሬ ትዝብት ነው፤ ነገ ሊተው ይችላል። ከሁለቱ መካከል ያለውና በወዳጆች ንግግር ብዙ የሚሰማው «ፖኔርሴ ፔሳዶ» ነው፤ ሰውዬው ያልነበረውን ሲሆን፣ ጀምሮት ሲቀጥል የሚባል ነው። «ኖ ቴ ፖንጋስ ፔሳዶ» ማለት «አሁን ደግሞ አትጀምር» እንደማለት ነው። የፍርዱን ልክ የሚወስነው ቅጽሉ ሳይሆን ግሡ ስለሆነ፣ ቅጽሉን ብቻ የያዘ ተማሪ የስድቡን መጠን መቈጣጠር አይችልም።

«አሴርሴ ፔሳዶ» ለሰው ሳይሆን ለሚረዝም ነገር ነው፤ ለመንገድ፣ ለንግግር፣ ለስብሰባ። «ሴ ሜ አሴ ፔሳዶ» የሚለው ከአማርኛው «ከበደኝ» ጋር እጅግ ይቀራረባል፤ ሁለቱም ነገሩን ከመውቀስ ይልቅ የተናጋሪውን ስሜት ይናገራሉ። ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ የተሳካ መሸጋገሪያ ነው፤ ተውላጠ ስሙ ባለበት ክብደቱ የተናጋሪው ነው።

አምስተኛው «ካኤር» (መውደቅ) ሲሆን ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ይበረታል። «ሜ ካዮ ፔሳዳ ላ ሴና»፣ ራቱ ከበደኝ። «ሜ ካኤ ፔሳዶ»፣ ሰውዬውን አልወደውም፤ አይስማማኝም። ያልተስማማ ምግብና ያልተስማማ ሰው በአንድ ግሥ ሆድ ላይ ይወድቃሉ።

ከስድቡ ይልቅ ግን ለትሑት ተማሪ የሚጠቅመው ቃሉን በራስ ላይ ማዋል ነው። «ፔርዶና ኬ ሜ ፖንጋ ፔሳዶ» በአማርኛ «ይቅርታ፣ አበዛሁብዎ» ወይም «አስቸገርኩዎት» በሚባልበት ቦታ ይገባል፤ ሁለተኛ ጊዜ የሚጠይቅ፣ መልስ የዘገየበት ሰው ይለዋል። የአማርኛ ተናጋሪ ይህን ሐረግ ቶሎ ሊያውቀው የሚገባበት ሌላም ምክንያት አለ። በኢትዮጵያ ማዕድ አንድ ጊዜ ጋብዞ መተው እንዳለመጋበዝ ነው፤ «በሞቴ» እየተባለ እስኪበላ ድረስ ይለመናል፤ የቡና ሒሳብ ለመክፈልም ትግል አለ። እምቢታን በመጀመሪያው ቃል የሚያምን የስፓኒሽ ተናጋሪ ይህን ሲያይ «ኖ ሴያስ ፔሳዶ» ቢል መሳደቡ ላይሆን ይችላል፤ እየሳቀ ሊለውም ይችላል። ይህን የአገር ልዩነት አድርጎ ማጋነን ደግሞ አይገባም፤ የልጅ ልጇ ሆድ እስኪተረተር ካልበላ የማታርፍ አያት በስፔንም አለች፤ እርሷም «ፔሳዳ» ትባላለች፣ በፍቅር።

ከአገር አገር

ይህ ሁሉ ስለ ስፔን በቀጥታ ይሠራል፤ ውቅያኖሱን ሲሻገር ቃሉ ሌላ ቀለም ይይዛል። በኩባ «ፔሳዶ»፣ በሕዝቡ አነጋገር «ፔሳኦ»፣ የሚባለው መደጋገሙ ያሰለቸ ሰው ብቻ አይደለም፤ ፊቱ የማይፈታ፣ ለዛ የሌለው ሰውም ነው። በቺሊ ቃሉ ወደ ክፋት ያዘነብላል፤ እዚያ «ኖ ሴያስ ፔሳዶ» የተባለ ሰው «አትነዝንዝ» ሳይሆን «ክፉ አትሁን» ተብሏል። በአርጀንቲና «ፔሳዶ» ጕልበተኛ፣ ወንበዴ ቢጤ ሊሆን ይችላል። በሰሜን ሜክሲኮ ደግሞ ኀይልና ተፅዕኖ ያለውን ሰው ሲያመለክት ይገኛል፤ ራሱን «ፔሳዶ» ብሎ የሰየመ የታወቀ የኖርቴኞ ሙዚቃ ቡድን መኖሩ ቃሉ በዚያ አካባቢ የሚሸሹት ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል። የአርጀንቲናውና የሰሜን ሜክሲኮው አገባብ ለአማርኛው «ከባድ ሰው» ከማድሪዱ ይልቅ ይቀርባሉ፤ ነገር ግን የሚቀርቡት ለሚፈራው እንጂ ለሚከበረው ከባድ ሰው አይደለም።

ለአማርኛ ተናጋሪ ከሁሉ ቀርቦ የሚገኘው ሌላ ቦታ ነው። በሜክሲኮና በሌሎች የላቲን አሜሪካ አገሮች የማይወደድ ሰው «ዴ ሳንግሬ ፔሳዳ»፣ ደሙ ከባድ የሆነ፣ ይባላል፤ ተወዳጁ ደግሞ «ዴ ሳንግሬ ሊሄራ»፣ ደሙ ቀላል የሆነ። አማርኛም መወደድንና መጠላትን በደም ይናገራል፤ አንዱ ደመ ግቡ ነው፣ ሌላው ደመ መራራ። ደመ መራራ ሰው ምንም ሳያደርግ ይጠላል፤ «ሳንግሬ ፔሳዳ»ም እንዲሁ ነው። አንዱ ቋንቋ ደሙን ቀመሰው፣ ሌላው መዘነው። «ከባድ» እና «ፔሳዶ» ስለ ሰው ሊገናኙ ባልቻሉበት ቦታ፣ «መራራ» እና «ፔሳዳ» በደም በኩል ተገናኝተዋል። መምህር ለአማርኛ ተናጋሪ ተማሪ የቃሉን የሰው ፍች ማስረዳት ሲፈልግ ከ«ከባድ» ቢነሣ ከወንዙ በታች ይነሣል፤ ከ«ደመ መራራ» ቢነሣ ግማሹን መንገድ ተሻግሮ ይጀምራል።

የአቀራረብ ጉዳይ

የስፔን ንጉሣዊ አካዳሚ መዝገበ ቃላት የ«ፔሳዶን» ፍቾች በተራ ይዘረዝራል፤ ብዙ የሚመዝን፣ ጥልቅ (ስለ እንቅልፍ)፣ የሚያስቸግር፣ የሚያሰለች እያለ። ለአገሩ ተናጋሪ ይህ በቂ ነው፤ የትኛው ፍች የት እንደሚውል አስቀድሞ ያውቀዋልና። ለውጭ ተማሪ ግን ዝርዝሩ በር የሌለው ቤት ነው። ቃሉ ከጎረቤቱ ጋር ቢሰጥ ይሻላል፤ «ፔሳዳ» ከ«ማሌታ» እና ከ«ኮሚዳ» ጋር በመጀመሪያው ደረጃ፣ «ፔሊኩላ» እና «ኤክሳሜን» ከ«ዲፊሲል» ጋር እየተነጻጸሩ በሁለተኛው። የሰው ፍች ሲደርስ ደግሞ ቅጽሉ ብቻውን ባይቀርብ፣ ሁልጊዜ ከ«ፖኔርሴ» ጋር ቢጀመር ይመረጣል፤ ፍርዱ ቀላል ከሆነበት መነሣት ስሕተት ሲሠራም ጉዳቱን ያሳንሳልና። «ብሮማ ፔሳዳ»፣ ልኩን አልፎ ሰው የሚያስከፋ ቀልድ፣ በዚሁ ደረጃ ቢገባ ተማሪው ክብደቱ የሚያርፈው በተቀለደበት ሰው ላይ መሆኑን በቀላሉ ያያል።

በመግቢያው ላይ የተጠቀሱት አያት ግን ገና አልተተረጐሙም። ተደማጭ ሽማግሌ ከነበሩ «ኡን ኦምብሬ ዴ ፔሶ» ይበቃል። ነገር የማያበዙ፣ የማይቀልዱ፣ ቃላቸውን የሚጠብቁ ከነበሩ «ሴሪዮ» ይሻላል። አገር የሚያከብራቸው መሆኑን ለመናገር «ሙይ ሬስፔታዶ» አለ። የሚፈሩና ለአያያዝ የሚያስቸግሩ ከነበሩ «ዲፊሲል» ማለት ይቻላል፤ ይህም በቤተሰብ ፊት የሚነገር አይደለም። አማርኛው «ከባድ» አራቱንም በአንድ ትንፋሽ ይላል፤ ተማሪው ወደ ስፓኒሽ ሲሻገር መጀመሪያ የሚጠየቀው አያቱ ከአራቱ የትኛውን እንደነበሩ ነው።